አሥር ዓመት የሚሰጥ በሽታ፦ የማህፀን በር ምርመራ ታሪክ ከወግዲ ሲታይ

የማህፀን በር ካንሰር ከብዙዎቹ የካንሰር ዓይነቶች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ጊዜ ይሰጣል። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ወደ ሴቲቱ አካል ከገባ በኋላ ወራሪ ካንሰር እስኪሆን ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር እስከ ሃያ ዓመት ይፈጃል። በእነዚያ ዓመታት አያምም፣ አይደማም፣ ከሥራ አያስቀርም። ሴቲቱ ትወልዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ ገበያ ወጥታ ትመለሳለች። በዚህ ወቅት የተገኘ ለውጥ ሆስፒታል ሳያስተኛ፣ በአንዲት ጠዋት ሕክምና ይወገዳል። ይህን ያህል ዕድሜ ሰጥቶ የሚጠብቅ በሽታ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት፣ በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ከሰባት ሺህ በላይ ሴቶችን ይይዛል፤ ከአምስት ሺህ በላይ ደግሞ ይገድላል። በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው ካንሰር ይኸው ነው።

እንዴት እንዲህ ሆነ የሚለውን ጥያቄ ከአዲስ አበባ ሆኖ መጠየቅና ከወግዲ ሆኖ መጠየቅ አንድ አይደለም። ወግዲ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ደጋው ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ ያለ ወረዳ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ምሥራቅ ጎጃም ነው። የአካባቢው ትልቋ ከተማ መካነ ሰላም በአቀስታ በኩል በሚሄደው መንገድ ከደሴ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ደሴ ደግሞ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር። ከቆላው ቀበሌዎች ለሚነሳ ሰው መኪና የሚገኝበት ቦታ ለመድረስ እንኳ የሰዓታት የእግር መንገድ አለ። የዚህን ምርመራ ታሪክ ሳነብ ልቤ ዘወትር የሚያርፈው በዚህ ርቀት ላይ ነው። ባለፉት መቶ ዓመታት ሊቃውንቱ በሽታውን ቀድሞ ማየት የሚቻልበትን ዘዴ አንድ በአንድ አግኝተዋል። አየነው ከተባለበት ቀን እስከ ታከመችበት ቀን ያለውን መንገድ የማሳጠሩ ሥራ ግን በየአገሩ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ሴቶች የሞቱትም፣ የሚሞቱትም በዚህ መካከል ነው።

ታሪኩ የሚነሳው ከአንድ ግሪካዊ ስደተኛ ነው። ጆርጅ ፓፓኒኮላው እ.ኤ.አ. በ1883 ኪሚ በምትባል የግሪክ ከተማ ተወለዱ፤ በ1913 ከባለቤታቸው ከአንድሮማኪ ጋር ወደ ኒውዮርክ ተሻገሩ። ሐኪም ቢሆኑም መጀመሪያ ያገኙት ሥራ በሱቅ ምንጣፍ መሸጥ ነበር። በኋላ በኮርኔል የሕክምና ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ገብተው በትንንሽ እንስሳት የመራቢያ ዑደት ላይ ሲመራመሩ፣ ከብልት የሚጠረግ ፈሳሽ በመስታወት ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሕዋሳቱ ብዙ ነገር እንደሚናገሩ አስተዋሉ። ዘዴውን በሰው ለመሞከር ሲነሱ ናሙናውን የሰጠቻቸው ሚስታቸው ነበረች፤ ለሃያ ዓመታት ያህል ያለማቋረጥ ሰጠች። የፓፓኒኮላው ስም በዓለም ሁሉ በምርመራው ላይ ተጽፎ ሲቀር፣ አንድሮማኪን የሚያነሳት ጥቂት ሰው ነው። እኔ ግን ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ገጹ ጀምሮ በአንዲት ሴት ፈቃደኝነትና ትዕግሥት ላይ የቆመ መሆኑን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም።

ፓፓኒኮላው በ1928 የካንሰር ሕዋሳትን በዚህ መንገድ ማየት እንደሚቻል በአሜሪካ ለተሰበሰቡ ባለሙያዎች ሲናገሩ የሰማቸው አልነበረም። ሮማንያዊው አውሬል ባቤሽም በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ግኝት አሳትመው ነበር፤ እሳቸውንም ያስተዋለ አልነበረም። ሐሳቡ ተቀባይነት ያገኘው ፓፓኒኮላው ከማህፀን ሐኪሙ ኸርበርት ትራውት ጋር በ1941 ጽሑፍ፣ በ1943 ደግሞ ሙሉ መጽሐፍ ካወጡ በኋላ ነው። ዛሬ ፓፕ ስሚር የምንለው ይህ ነው፦ ከማህፀን በር ላይ ሕዋሳትን በቀስታ ጠርጎ፣ በመስታወት ላይ ቀብቶ፣ ቀለም አስነክሮ፣ በሠለጠነ ዓይን ማየት።

የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ1949 ምርመራውን በሰፊው ጀመረች። ብሪታንያ በ1960ዎቹ ተከተለች፤ ትልቁን ትምህርት የሰጠችውም እሷ ናት። ለሃያ ዓመታት ያህል በብሪታንያ ብዙ ሚሊዮን ናሙና ተወሰደ፤ የሟቾቹ ቁጥር ግን የተጠበቀውን ያህል አልወረደም። ምርመራው ይደርስ የነበረው ደጋግመው ለሚመጡት ወጣትና የተማሩ ሴቶች ነበር፤ ለአደጋው ይበልጥ የቀረቡት በዕድሜ የገፉና ድሃ ሴቶች አይመጡም፣ የሚጠራቸውም አልነበረም። በ1988 እያንዳንዷን ሴት በስሟ መዝግቦ፣ ተራዋ ሲደርስ በደብዳቤ የሚጠራ፣ ውጤቷ ልክ ካልሆነ እስክትታከም የሚከታተል ሥርዓት ከተዘረጋ በኋላ ሞቱ በግልጽ ማሽቆልቆል ያዘ። ማይክሮስኮፑም ሐኪሙም ቀድሞ ነበር፤ የተጨመረው መዝገብ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ «ውጤቱ ልክ አይደለም» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሴት ይህን ስትሰማ ካንሰር ተገኘብኝ ብላ ነው የምትወጣው። አይደለም። የማህፀን በር ሕዋሳት በተራ ብግነት እንኳ መልካቸው ይቀየራል። ሂውማን ፓፒሎማ በተባለው ቫይረስ ሲጠቁ ደግሞ ቀላል ለውጥ ያሳያሉ፤ ይህ ቫይረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍና እጅግ የተለመደ ነው፣ አንድ ባል ብቻ የምታውቅ ሴትንም ሊይዛት ይችላል። ከአሥር ሴቶች ዘጠኙ ያህል ምንም ሳያውቁት በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰውነታቸው ያስወግዱታል፤ ቀላሉም ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይጠፋል። አሳሳቢው ቫይረሱ ሳይለቅ ሲቀር፣ ለውጡም እየጠለቀ ሲሄድ ነው። የማህፀን በር በቫይረሱ መነካቱ ብቻውን ገና በሽታ አይባልም፤ የጠለቀው ለውጥም ቢሆን ከቆዳው ሽፋን ወደ ውስጥ እስካልዘለቀ ድረስ ቅድመ ካንሰር እንጂ ካንሰር አይደለም። ቫይረሱን ከዚህ በሽታ ጋር ያገናኙት ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን ናቸው፤ ቁጥር 16 የተባለውን ዓይነት በ1983፣ ቁጥር 18ን በ1984 ለይተው በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በዓለም ላይ ከሚደርሰው የማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉ ከእነዚህ ከሁለቱ የሚመጣ ነው።

የጠለቀው ለውጥ ካልታከመስ ምን ይሆናል? ማንም ሐኪም በሴቶች ላይ ሊሞክረው የማይገባ ጥያቄ ነበር። በኒውዚላንድ ተሞከረ። በኦክላንድ በሚገኘው ብሔራዊ የሴቶች ሆስፒታል ኸርበርት ግሪን የተባሉ የማህፀን ሐኪም፣ ቅድመ ካንሰር ወደ ካንሰር መቀየሩን ስላልተቀበሉ፣ ከ1966 ጀምሮ የጠለቀ ለውጥ የተገኘባቸውን ሴቶች በወጉ ሳያክሙ በክትትል ብቻ ማቆየት ጀመሩ። ሴቶቹ ስማቸው በጥናት ውስጥ መኖሩን አያውቁም ነበር። እየተጠሩ ይመጣሉ፣ ናሙና ይሰጣሉ፣ ውጤቱ ዛሬም ልክ አይደለም፣ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። የሐኪሙ የሥራ ባልደረቦች ቢያስጠነቅቁም የሰማ አልነበረም። በ1984 እነዚሁ ባልደረቦች የሴቶቹን ዕጣ በሕክምና መጽሔት አወጡ፤ ሕዝቡ ግን የሰማው ሳንድራ ኮኒና ፊሊዳ በንክል የተባሉ ሁለት ጸሐፊዎች ሰኔ 1987 ሜትሮ በተሰኘው መጽሔት ላይ ሲያጋልጡት ነው። በዳኛ ሲልቪያ ካርትራይት የተመራው አጣሪ ጉባኤ በ1988 ሪፖርቱን አቀረበ፤ የኒውዚላንድ የታካሚ መብት ሕግ የተወለደውም ከዚህ ነው። ከዚያ በኋላ መዝገቦቹ እንደገና ተመርምረው በ2008 የታተመው ውጤት ይህ ነበር፦ በቂ ሕክምና ካላገኙት ውስጥ በሠላሳ ዓመት ጊዜ 31 በመቶው ወራሪ ካንሰር ያዛቸው፤ በወጉ ከታከሙት ውስጥ ግን አንድ በመቶ እንኳ አልሞሉም።

ይህን የሩቅ አገር ታሪክ በዚህ ርዝመት ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በኦክላንድ ሴቶቹ ለውጡ እያለባቸው ሳይታከሙ የቆዩት በአንድ ሐኪም ውሳኔ ነው፤ ዓለምም እንደ ግፍ ቆጠረው፣ ትክክልም ነበር። በእኛ አገር ገጠር ያሉ ሴቶች እዚያው ሁኔታ ውስጥ የሚቆዩት ማንም ሳይወስንባቸው ነው። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ፣ መሣሪያው ስለተበላሸ፣ ውጤቱን የሚያደርስ ሰው ስለሌለ ብቻ። ሰውነታቸው ውስጥ የሚሆነው ግን አንድ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ፓፕ ስሚር ለረጅም ዘመን የትልልቅ ከተሞች ምርመራ ሆኖ ቆይቷል። ምክንያቱን ለመረዳት ሴቲቱን በሐሳብ ከወግዲ ማስነሳት ይበቃል። ናሙናው በሚወሰድበት ቀን አንድ ጊዜ ትሄዳለች። መስታወቱን የሚያነብ የፓቶሎጂ ባለሙያ በአገሪቱ በጣት የሚቆጠር በነበረበት ዘመን ውጤቱ ሳምንታት ይፈጃልና ለውጤቱ ሁለተኛ ትሄዳለች። ውጤቱ ልክ ካልሆነ የማህፀን በሩን በአጉሊ መነጽር የሚያይና ለምርመራ ትንሽ ሥጋ (ባዮፕሲ) የሚወስድ ሐኪም ጋ ሦስተኛ፣ ለሕክምናው አራተኛ። እያንዳንዱ ጉዞ የመኪና ገንዘብ፣ የማደሪያ ዘመድ፣ ለልጆቹ የሚቀር ሰው፣ ብዙ ጊዜም የባል ፈቃድ ይጠይቃል። በሁለተኛውና በአራተኛው ጉዞ መካከል የምትቀረውን ሴት ግዴለሽ ማለት ግፍ ነው።

መልሱ የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ፣ ከኮምጣጤ ነው። ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ በማህፀን በር ላይ ተቀብቶ አንድ ደቂቃ ያህል ሲቆይ፣ የተለወጠው ቦታ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ የሠለጠነች ነርስ ወይም አዋላጅ በባዶ ዓይኗ ታየዋለች። በ1999 (እ.ኤ.አ.) ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመው የዚምባብዌ ጥናት፣ ይህን የሚሠሩት አዋላጅ ነርሶች ቅድመ ካንሰር ካለባቸው ሴቶች ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑትን ማግኘት እንደቻሉ አሳየ። በደቡብ ሕንድ ዲንዲጉል አውራጃ በሬንጋስዋሚ ሳንካራናራያናን የተመራው ጥናት ደግሞ በ2007 (እ.ኤ.አ.) እንደታተመው፣ በነርሶች የተሠራ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ የኮምጣጤ ምርመራ፣ ሕክምና ተከትሎት ሲሄድ፣ በዚህ ካንሰር መሞትን በ35 በመቶ ቀነሰ። ከዚያ በላይ ግን የዘዴው ጥቅም ውጤቱ በዚያው ደቂቃ መታወቁ ነው። ነጩ ነጥብ ከታየ፣ ለውጡም ለሕክምናው የሚመች ከሆነ፣ በቅዝቃዜ የሚያክመው መሣሪያ እዚያው ክፍል ውስጥ አለ፦ ሦስት ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ አምስት ደቂቃ መተው፣ እንደገና ሦስት ደቂቃ። አራቱ ጉዞ አንድ ይሆናል።

ኢትዮጵያ ይህን መንገድ የያዘችው በኤች አይ ቪ በኩል ነው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ስድስት እጥፍ ነው፤ ከፓፒሎማ ቫይረስ ወደ ካንሰር የሚወስደው ጊዜም በእነሱ ላይ ያጥራል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ በኤድስ ይሞቱ የነበሩ እናቶች በሕይወት ቆዩ። ከአንዱ ተርፈው በሌላው እንዳይሞቱ በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርና ፓዝፋይንደር ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት «አዲስ ተስፋ» የተባለውን ፕሮጀክት በሆስፒታሎች ውስጥ ጀመሩ። እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ ከ16 ሺህ በላይ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ተመረመሩ፤ ከመቶ አሥሩ ያህል ለውጥ ተገኘባቸው፤ ለቅዝቃዜው ሕክምና ከሚመቹት አብዛኞቹም ሕክምናውን አገኙ። እንደ እኔ አመለካከት በአገራችን የዚህ ምርመራ ታሪክ ትልቁ ገጽ ይህ ነው። ማየትና ማከም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በኢትዮጵያውያን ነርሶች እጅ፣ እንደሚቻል ተረጋገጠ።

በ2007 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ መመሪያ ይኸንኑ ለሁሉም አደረገው፦ ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት ሁሉ በየአምስት ዓመቱ ትታይ። ዕድሜው የተመረጠው በነሲብ አይደለም። ከዚያ በታች የሚገኘው ለውጥ አብዛኛው በራሱ የሚጠፋ ነው፤ ከ50 በኋላ ደግሞ ለውጡ የሚጀምርበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ ኮምጣጤው አያሳየውም። መመሪያው ግን በወረቀት ላይ የተጻፈውን ያህል አልሄደም። በዚያው ዘመን በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገ ጥናት በዚህ ዕድሜ ካሉት ሴቶች ተመርምራ የምታውቀው ከመቶ ሦስቷ ገደማ ብቻ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ምርመራው ወደ ብዙ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ወርዷል። ነገር ግን የቅዝቃዜው መሣሪያ ያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ አይሠራም፤ ሲሊንደሩ ባዶ ሲሆን የሚሞላው ሩቅ ቦታ ነው። ጋዝ በሌለበት ጤና ጣቢያ ነርሷ ነጩን ነጥብ ታያለች፣ ሪፈር ትጽፋለች፣ አራቱ ጉዞ ተመልሶ ይመጣል። በኤሌክትሪክ ሙቀት የሚሠራው አዲሱ መሣሪያ፣ በእጅ የሚያዝና በባትሪ የሚሄድ፣ ጋዝ የማይጠይቅ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ የሚያክም ስለሆነ እንደ ወግዲ ላሉ ወረዳዎች ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚጠብቀውን ማወቅ የፈለገ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ታሪክ ይመልከት። የመጀመሪያው የኮባልት ጨረር ሕክምና መሣሪያ እዚያ ከተተከለበት ከ1990ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሃያ ዓመታት ያህል ለመላ አገሪቱ ያለው የጨረር ሕክምና ይኸው ነበር። በ2008 እና በ2012 (እ.ኤ.አ.) መካከል እዚያ የታከሙ 1,059 የማህፀን በር ካንሰር ታካሚዎች ታሪክ ተጠንቶ ታትሟል። ብዙዎቹ መጀመሪያ ሲመጡ በሽታው በመካከለኛ ደረጃ ላይ ነበር። ጨረሩ እስኪደርሳቸው ግን በአማካይ አራት ወር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ጠበቁ፤ በመጠበቂያው ውስጥ በሽታው ገሠገሠ፣ ሕክምናው ሲጀመርም ከመቶ ስድሳው ወደ መጨረሻዎቹ ደረጃዎች ተሸጋግረው ነበር። አሥር ዓመት የሰጠው በሽታ በመጨረሻ አራት ወር ከለከለ። ከወሎ የሄዱት እነዚያን ወራት የት አድረው፣ በማን ገንዘብ እንደጠበቁ ጥናቱ አይነግረንም፤ በዋና ከተማዋ ዘመድ የሌላት ገጠሬ ግን የምታልፍበትን ሁላችንም እናውቃለን።

በወሎ ገጠር ይህ በሽታ የሚያገኘውን ምቹ መሬት ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ሜሪ ኤልዛቤት ደንካን የተባሉ የማህፀን ሐኪም በአዲስ አበባ ያዩዋቸውን ኢትዮጵያውያት ሴቶች ታሪክ ከባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተው በ1990 (እ.ኤ.አ.) ላንሴት ላይ አሳተሙ። ርዕሰ ጉዳያቸው የወር አበባ ሳያዩ የተዳሩ ልጃገረዶች ነበሩ፤ ሰውነታቸው ገና ሳይበስል ለግንኙነት የተዳረጉት በአባላዘር በሽታ የመጎዳት አደጋቸው ከፍ ያለ መሆኑን አመለከቱ። ያን የመሰለው ጋብቻ በአማራ ክልል የሩቅ ዘመን ወሬ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የልጃገረድን የጋብቻ ዕድሜ 15 አድርጎ ነበር፤ የ1992 ዓ.ም. የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ 18 አደረሰው። የክልሉ ሴቶች የመጀመሪያ ጋብቻ ዕድሜ ግን በተከታታይ በተደረጉት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ከአገሪቱ ዝቅተኛዎቹ መካከል ሆኖ ኖሯል። ዛሬ በወግዲ በ40ዎቹ ዕድሜ ላይ ያለች እናት፣ ክርስቲያንም ትሁን ሙስሊም፣ በ13 ወይም በ14 ዓመቷ ተድራ ሊሆን ይችላል፤ ቫይረሱም ቆጠራውን የጀመረው ከዚያ ነው።

በሽታው ሲገለጥ ደግሞ የሚገለጠው ሴት በማትናገረው መንገድ ነው፦ ከግንኙነት በኋላ ደም፣ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የወገብ ሕመም። እናቶች ይህን ለልጃቸው እንኳ አያወሩም። ጠበል ይሄዳሉ፣ ዱዓ ያስደርጋሉ፤ በዚያ ማንም ሊያስነውራቸው አይገባም፣ እምነታቸውም ከምርመራ ጋር አይጣላም። ችግሩ ጤና ጣቢያው የመጨረሻው ቦታ መሆኑ ነው። በየቀበሌው የተመደቡት፣ ብዙዎቹ የአካባቢው ልጆች የሆኑት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለክትባት፣ ለቤተሰብ ምጣኔና ለወሊድ የሠሩትን ሁሉም ያውቃል። «እትዬ፣ ደም ከታየዎት ይንገሩኝ» ብሎ መጠየቅም፣ ሳይታይ በፊት ወደ ምርመራ መላክም ከማንም በላይ የሚሆንላቸው ለእነሱ ነው።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ደሴ በተያዘችበት ጊዜ የከተማዋ ሪፈራል ሆስፒታል ተዘረፈ፤ ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ሴቶች የሪፈራሉ መንገድ የሚያበቃው ደሴ ነውና ጉዳቱ እስከ ዓባይ ዳር ደረሰ። ሆስፒታሉ ቀስ በቀስ ተነስቶ ሳይጨርስ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የተቀጣጠለው ግጭት መንገዶችን በየጊዜው እየዘጋ፣ የመድኃኒትና የመሣሪያ ማጓጓዣን እያወከ፣ ባለሙያን ከቦታው እያፈናቀለ ቆይቷል። መንገድ በሚዘጋበት አገር ሪፈር ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ በአካባቢው ሊታከም የሚችለው ሁሉ በአካባቢው መታከም አለበት የሚለው ሐሳብ ለወግዲ ከጤና ፖሊሲ ክርክር በላይ ሆኗል።

በዚህ ረገድ ከቡታጅራ የመጣው ጥናት ትልቅ ነገር ያሳየናል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች በሁለት ተከፈሉ። አንደኞቹ ለኮምጣጤ ምርመራ ተጋበዙ፤ ሁለተኞቹ ናሙናውን በለስላሳ ብሩሽ ራሳቸው፣ ማንም ሳያያቸው ወስደው ለቫይረስ ምርመራ እንዲሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ውጤት እንደሚለው፣ ለኮምጣጤው የመጡት 50 በመቶ ናቸው፤ ናሙናቸውን ራሳቸው የሰጡት ግን 84 በመቶ። ሐፍረቱ ቀለለ፣ ጉዞው ቀረ። ምርመራውም ራሱ የተሻለ ነው፦ በሕንድ ኦስማናባድ ኮምጣጤው፣ ፓፕ ስሚሩና የቫይረሱ ምርመራ ጎን ለጎን ሲነጻጸሩ በ2009 እንደታተመው ሞትን በጉልህ የቀነሰው የቫይረሱ ምርመራ ብቻ ነበር፤ ኮምጣጤ በሚያየው ሰው ዓይን ላይ የተመሠረተ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2021 ጀምሮ የቫይረሱን ምርመራ ያስቀድማል። ለሳንባ ነቀርሳ ወደየሆስፒታሉ የገባው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ተገቢው ካርትሬጅ ከተገኘለት ይህንኑ ቫይረስ ይመረምራል፤ ስለዚህ ነገሩ ከባዶ የሚጀመር አይደለም። ናሙናው ከወግዲ ቀበሌ ተነስቶ መካነ ሰላም ሊደርስ ይችላል፤ ሴቲቱ ቤቷ ናት።

ነገር ግን እዚህም ላይ የብሪታንያው ትምህርት ይመለሳል። ናሙናው ሄዶ ውጤቱ ካልተመለሰ፣ ቫይረሱ ያለባትን ሴት በስሟና በጎጧ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው ከሌለ፣ ያገኛትም ሰው የሙቀት መሣሪያው የሚመጣበትን ቀን ካልነገራት፣ ሳይንሱ የተሻለ መሆኑ ለእሷ ምንም አይጨምርም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ወደ ወረዳዎች መስፋፋቱ የሕክምናውን ወጪ አቅልሏል፤ የመኪናውና የማደሪያው ወጪ ግን አሁንም የቤተሰቡ ነው። አንድ ወረዳ በጀቱን ሲያወጣ ለናሙና መሰብሰቢያ ብቻ መድቦ ለተከታታይ ጉዞ ካልመደበ፣ ገንዘቡን ለግማሽ ሥራ አውጥቷል። ውጤት ያልደረሳትን ሴት «ተመርምራለች» ብሎ በሪፖርት መቁጠርም መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ ቁጥሩ ያምራል፣ ሴቲቱ ትሞታለች።

ክትባቱ ሌላ በር ከፍቷል። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በትምህርት ቤቶች መስጠት ጀመረች፤ አንድ ዕድሜ ብቻ የተመረጠው በዓለም ላይ ክትባቱ እጥረት ስለነበረበት ነው። በ14 ዓመቷ ከትምህርት ቤት ወጥታ የተዳረችውን ልጅ እንዲህ ያለ ዘመቻ በቀላሉ እንደማያገኛት ግልጽ ነበር። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ዕድሜው ወደ ታች ወርዶ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን ያቀፈ፣ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶችን ያለመ፣ በአንድ መርፌ የሚያበቃ ዘመቻ ተካሄደ። ልጃቸው መካን እንዳትሆንባቸው የፈሩ ወላጆች ነበሩ፤ መልሱ አጭር ነው፦ በብዙ አገሮች ከአሥር ዓመት በላይ የተሰጠ ክትባት ነው፣ መካንነትን አላመጣም። በአፍሪካ ቀድማ በ2011 (እ.ኤ.አ.) በመላ አገሪቱ የጀመረችውን ሩዋንዳን ብናይ፣ የተከተቡ ልጆቿ ዛሬ እናቶች እየሆኑ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በ14 ዓመቷ የተከተበች የወግዲ ልጅ ለምርመራ የምትደርስበት 30ኛ ዓመቷ 2033 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ክትባቱ ያልደረሳቸው እናቷ፣ አክስቷና ታላቅ እህቷ ዛሬ በ30ዎቹና በ40ዎቹ ውስጥ ናቸው፤ በሽታው የሰጣቸው ዓመታት አሁን እየተቆጠሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው ዕቅድ እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ከመቶ ሴቶች ሰባው ተመርምረው፣ ለውጥ ከተገኘባቸው ዘጠና በመቶው እንዲታከሙ ይላል። ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይህ ሲተረጎም በዕድሜ ክልሉ ያሉ ሴቶች የስም መዝገብ፣ ለጤና ጣቢያው አንድ የሙቀት መሣሪያና የሚሠራበት የሠለጠነ እጅ፣ ውጤት ይዞ ቀበሌ የሚወርድ ሰው፣ ለሪፈርም የመኪና ገንዘብ ማለት ነው።